ቴምፕሌቱ በዓይኔ ይታየኛል፣ ኤፒአዩ ግን የለም ይለኛል

ጥያቄው ባጭሩ ይሄ ነው (ቴምፕሌት ማለት አስቀድሞ የተዘጋጀ የሰነድ ሞዴል ነው፣ ኤፒአይ ደግሞ ፕሮግራም ከፕሮግራም ጋር የሚነጋገርበት በር)፦ «በምንጠቀምበት የኤሌክትሮኒክ ፊርማ ሲስተም ውስጥ ከ100 በላይ ቴምፕሌት አለን። የቴምፕሌት ዝርዝር በሚያወጣው ኤፒአይ ቱል ስጠይቅ የሚመጣልኝ 50 ብቻ ነው። በስም ሳጣራ አንዳንዴ አራት አምስት ይመጣል፣ አንዳንዴ ደግሞ ብሮውዘር ላይ በዓይኔ የማየው ቴምፕሌት የለም ይለኛል። ሁሉንም አውርጄ ራሴ ላጣራ ወይስ ኤፒአዩ ያጣራልኝ? የምፈልገው ቴምፕሌቱን በስሙ አግኝቼ ሰነዱን በቀጥታ ለፈራሚው መላክ ነው።»

ወንድሜ፣ አንድ ጥያቄ የጠየቅክ ይመስላል እንጂ ሦስት የተለያዩ ችግሮች ናቸው የተደራረቡብህ። 50 ብቻ መምጣቱ የገጽ ጉዳይ ነው። በዓይንህ የምታየው መጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የፈቃድ ጉዳይ ነው። በስም ስትፈልግ አራት አምስት መምጣቱ ደግሞ የፍለጋው ባህሪ ነው። ሦስቱን ካልለያየሃቸው አንዱን ስትጠግን ሌላው እየተነሳ ያደክምሃል። ከሁሉም በላይ ያሳሰበችኝ ግን የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገርህ ናት፣ በስም አግኝቶ በቀጥታ መላክ የምትለዋ። እሷን ሳልነካ አላልፍም። እዚያ ከመድረሳችን በፊት ግን ዝርዝሩ ራሱ ሙሉ መሆኑን ማወቅ አለብን። ባልተሟላ ዝርዝር ላይ የሚደረግ ፊልተር የቱንም ያህል ቢራቀቅ መልሱ አይታመንም።

ከገጹ እንጀምር። ቴምፕሌት የሚዘረዝር ኤፒአይ ሁሉንም በአንድ ጊዜ አይሰጥም፣ እየቆረሰ ነው የሚሰጠው። ስንት እንደምትፈልግ ካልነገርከው በራሱ ልክ ይቆርጣል። ለምሳሌ ከኤሌክትሮኒክ ፊርማ አገልግሎቶቹ አንዱ የሆነው ፓንዳዶክ ዝም ካልከው 50 ይሰጥሃል፣ ከጠየቅከው እስከ 100 ይሄዳል። ድሮ ሄሎሳይን ይባል የነበረው ድሮፕቦክስ ሳይን 20 ነው የሚሰጠው፣ የሱም ጣሪያ 100 ነው። ዶኩሲል 10 ብቻ ይሰጥና እሱም 100 ላይ ይቆማል። ስለዚህ ያየኸው 50 የመጀመሪያው ገጽ ነው እንጂ ስህተት አይደለም። ቱሉም ስህተት ስላልሆነ ነው ምንም ኤረር ያላሳየህ።

ገጹን የማገላበጫው መንገድ ከአንዱ አንዱ ይለያል። ድሮፕቦክስ ሳይንና ፓንዳዶክ ከጥያቄው ጋር በሚላክ «ፔጅ» በሚል ፓራሜተር የገጽ ቁጥር ይቀበላሉ። ዶኩሳይን «ካውንት» ስንት፣ «ስታርት ፖዚሽን» ከየትኛው ጀምሮ የሚል ነው፣ መቁጠርም የሚጀምረው ከ0 ነው። አዶቢ አክሮባት ሳይን ቁጥር አይፈልግም። እያንዳንዱ መልስ ውስጥ ለሚቀጥለው ገጽ የሚሆን ከርሰር፣ ማለትም የደረስክበትን የሚያመለክት ምልክት፣ ይሰጥሃል፣ አንተ እሱን መልሰህ ትልካለህ። ዶኩሲልም እንደዚሁ የመጨረሻውን አይዲ ይዘህ ከዚህ በኋላ ያለውን ስጠኝ የምትልበት «አፍተር» አለው። የምትጠቀምበት ቱል ከነዚህ በአንዱ ላይ የተሸፈነ ሽፋን ነው። እና ብዙ ጊዜ ሽፋኑ የመጀመሪያውን ገጽ ብቻ አምጥቶ ይቆማል፣ ቀሪውን ማገላበጥ ላንተ ተትቷል።

መቼ ነው የሚቆመው? ሰዎች ብዙ ጊዜ «ከጠየቅኩት ያነሰ ከመጣ አልቋል» ይላሉ። ከርሰር ወይም የሚቀጥለው ገጽ አድራሻ የሚሰጥ ኤፒአይ ላይ ይህን አታድርግ። አንዳንድ ሰርቨር ገጹን ከቆረጠ በኋላ ነው አንተ ማየት የማትችላቸውን የሚያወጣው። ስለዚህ 100 ጠይቀህ 87 ሊመጣ ይችላል፣ ከኋላው ግን ገና ገጾች አሉ። ከርሰሩ ባዶ እስኪሆን ሂድ። ጠቅላላ ቁጥር ከሰጠህ ደግሞ በሱ አመሳክር። አንዲት ትንሽ ነገር ግን አትርሳ፦ ዶኩሳይን ላይ ጠቅላላ ብዛቱ በጥቅስ ምልክት ውስጥ ሆኖ እንደ ጽሑፍ ነው የሚመጣው። ወደ ቁጥር ሳትቀይር ሁለት እንዲህ ያሉ ዋጋዎችን ካወዳደርክ «90» ከ«100» ይበልጣል ይልሃል፣ ምክንያቱም እንደ ጽሑፍ 9 ከ1 በኋላ ነው። ሉፕህ (ገጾቹን የሚያገላብጠው ዙር) ያለምክንያት ቀድሞ የሚቆም ከሆነ መጀመሪያ እዚህ ጋ እይ።

አሁን ደግሞ ብዙ ሰው የማያያት አንዲት ነገር ላሳይህ፣ እዚህ ላይ ትንሽ ቆይ። 120 ቴምፕሌት አለህ እንበል፣ በቅርብ ከተስተካከለው ጀምሮ ነው የተደረደሩት፣ 50፣ 50 እያደረግክ ነው የምታወጣው። ከ1 እስከ 50 ያሉትን አነበብክ። በዚህች ቅጽበት አንድ ባልደረባህ 73ኛ ላይ ያለውን ቴምፕሌት ከፍቶ አንድ ቃል አስተካክሎ ሴቭ አደረገ። ያ ቴምፕሌት ዘሎ 1ኛ ሆነ። ከ1 እስከ 72 የነበሩት ሁሉ አንድ አንድ ወደ ታች ወረዱ። አንተ ሁለተኛውን ገጽ ስትጠይቅ 51ኛ ላይ የምታገኘው ቅድም 50ኛ የነበረውን ነው፣ ማለትም አንዴ ያነበብከውን። 73ኛ የነበረው ግን አንተ ካለፍክበት ገጽ ላይ ወጥቶ ተቀምጧል፣ ጨርሶ አታየውም። በመጨረሻ ስትቆጥር 120 መስመር አለህ። ጠቅላላውም 120 ነው። ገጠመ ብለህ ትዘጋዋለህ። አንዱ ግን ሁለቴ ገብቷል፣ አንዱ የለም። የጠፋው ደግሞ አሁን የተስተካከለው፣ ማለትም ሰው በጣም የሚፈልገው ቴምፕሌት ነው።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። ስታወጣ በማይንቀሳቀስ ነገር ደርድር፦ በስም ወይም ኤፒአዩ የሚፈቅድ ከሆነ በተፈጠረበት ቀን። ዶኩሳይን «ኦርደር ባይ» በሚለው በስም፣ በተስተካከለበት ወይም ጥቅም ላይ በዋለበት ጊዜ ያስደረድርሃል፣ ከሦስቱ ስም ነው የሚሻልህ። ስምም ቢሆን ሊቀየር ይችላል፣ ግን እንደ ማስተካከያ ጊዜ በየደቂቃው አይቀየርም። ከዚያ ያወጣኸውን በአይዲ ድግግሞሹን አጥፋና ከጠቅላላው ጋር አመሳክር። ቅድም ባልኩህ ሁኔታ ድግግሞሹ ሲወጣ 119 ይሆናል፣ አንድ መጉደሉን ታውቃለህ፣ እንደገና ታወጣለህ። የከርሰር ዘዴ ያላቸው ላይ ይሄ ችግር በጣም ይቀንሳል።

ወደ ሁለተኛው እንሂድ። ብሮውዘር ላይ አየዋለሁ፣ ኤፒአዩ የለም ይላል። እዚህ ላይ መጠየቅ ያለብህ «ቴምፕሌቱ የት ሄደ» ብለህ አይደለም። «የሚጠይቀው ማነው» ነው ጥያቄው። ብሮውዘር ላይ የገባኸው በራስህ ስም ነው። ቱሉ የሚጠይቀው ግን በያዘው ቶክን (የመግቢያ ቁልፍ) ባለቤት ስም ነው። ያ ሰው ሌላ ሊሆን ይችላል፣ ለዚሁ ስራ የተከፈተ ዩዘር ሊሆን ይችላል፣ ወይም መጀመሪያ ኢንቴግሬሽኑን (የሁለቱን ሲስተም ማገናኛ) የሰራው ልጅ። ቴምፕሌት ደግሞ ባለቤት አለው። ባለቤቱ ሼር ካላደረገው ሌላው አያየውም። ኤፒአዩም «አለ ግን አልፈቅድልህም» አይልህም፣ ዝም ብሎ ከዝርዝሩ ያስቀረዋል።

እያንዳንዱ ሲስተም ይሄን በራሱ መንገድ ይይዘዋል። ዶኩሳይን «ዩዘር ፊልተር» የሚል አለው፦ የራሴ የሆኑት፣ ለኔ ሼር የተደረጉት፣ ወይም ሁሉም። አዶቢ ላይ አንድ ቴምፕሌት ለባለቤቱ ብቻ፣ ለግሩፑ፣ ወይም ለመላው አካውንት ሊሆን ይችላል። ድሮፕቦክስ ሳይን ላይ የቡድን አባላትን ሁሉ ለማየት «አካውንት አይዲ» የሚለው ላይ «ኦል» ትላለህ፣ የሚሰራው ግን የሚጠይቀው ሰው ቡድኑ ውስጥ ያ ስልጣን ካለው ነው። ፓንዳዶክ ላይ ደግሞ ሼር የተደረጉትንና የተሰረዙትን ለይተህ የምትጠይቅባቸው ፓራሜተሮች አሉ።

ስለዚህ ዝርዝር ከመጠየቅህ በፊት አንዴ «እኔ ማነኝ» ብለህ ጠይቅ። ዶኩሳይን ላይ ይህን የሚመልስልህ «ዩዘር ኢንፎ» ነው፣ ድሮፕቦክስ ሳይን ላይ የአካውንት መረጃ የሚሰጠው ጥሪ ነው። የሚመጣውን ስም፣ ኢሜይልና የአካውንት አይዲ ከብሮውዘርህ ጋር ጎን ለጎን አስቀምጥ። በተለይ ዶኩሳይን ላይ አንድ ሰው በሁለትና ሦስት አካውንት ውስጥ ሊኖር ይችላል፣ ከነሱ አንዱ ዲፎልት ተብሎ ይመጣል፣ ቱሉም ብዙ ጊዜ ሳይጠይቅህ እሱን ይይዛል። የዲሞው (የሙከራው) አካባቢ ደግሞ ከፕሮዳክሽኑ (ከእውነተኛው ስራ) ጨርሶ የተለየ ነው። ዲሞ ላይ የሰራኸው ቴምፕሌት ፕሮዳክሽን ላይ የለም፣ ወስደህ ብትጭነው እንኳ አይዲው ሌላ ይሆናል። ዲሞ ላይ ሁሉ ነገር እየሰራ ፕሮዳክሽን ላይ «የለም» የሚል መልስ ሲመጣ ኮዱን ከመነካካትህ በፊት የትኛውን አድራሻ እየጠራህ እንደሆነ እይ።

እዚህ ላይ አንድ የማልስማማበት ልማድ አለ። ቴምፕሌት ሲጠፋ የአድሚን ቶክን ሰጥቶ መገላገል። ይሰራል፣ አዎ። ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ቱልህ የሰው ሁሉ ረቂቅ ይታየዋል፣ ገና ያልጸደቀ ውል፣ ለሙከራ የተሰራ ቅጂ፣ ያንዱ ክፍል ሚስጥራዊ ስምምነት። ሁሉም ለመላክ ዝግጁ ሆኖ ዝርዝሩ ውስጥ ይገባል። እኔ የምመክርህ ለኢንቴግሬሽኑ ብቻ የሚሆን ዩዘር ክፈትና የሚላኩትን ቴምፕሌቶች ብቻ ሼር አድርግለት። የሚቻል ከሆነ አንድ ፎልደር ውስጥ ሰብስባቸው። ያኔ የዝርዝሩ መጥበብ ራሱ ጥበቃ ይሆንልሃል።

አዲስ የተፈጠረ ቴምፕሌት ወዲያው ያለመታየቱም ያጋጥማል። ድሮፕቦክስ ሳይን ላይ በኤፒአይ የተጀመረ ቴምፕሌት ተዘጋጅቶ እስኪያልቅ ትንሽ ይቆያል፣ ሲያልቅ «ቴምፕሌት ክሪኤትድ» የሚል ኢቨንት በዌብሁክ፣ ማለትም ሲስተሙ ራሱ ወደ አንተ አድራሻ በሚልከው መልዕክት፣ ይልክልሃል። እሱን ጠብቅ እንጂ በየሰከንዱ ዝርዝር አትጠይቅ።

ሦስተኛው ፍለጋው ነው። መጀመሪያ አንድ ሙከራ አድርግልኝ፣ ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ብትወስድ ይቺን ውሰድ። በስም ማጣሪያው ላይ ምንም ትርጉም የሌለው፣ ማንም ቴምፕሌት ሊጠራበት የማይችል የፊደል ክምር አስገባና ጠይቅ። መልሱ ባዶ መሆን አለበት። ባዶ ካልሆነና 50ው እንዳለ ከመጣ ፊልተርህ ጭራሽ እየሰራ አይደለም ማለት ነው። ብዙ ኤፒአይ የማያውቀው ፓራሜተር ሲመጣለት ኤረር አይሰጥም፣ ዝም ብሎ ያልፈዋል። እና ስሙ በየቦታው ይለያያል፦ ዶኩሳይን «ሰርች ቴክስት» ይለዋል፣ ድሮፕቦክስ ሳይን «ኩዌሪ»፣ ፓንዳዶክና ዶኩሲል በአንዲት ፊደል ብቻ «ኪው»። የአንዱን ለሌላው ብትሰጠው ወይም አንድ ፊደል ብትሳሳት የሚመጣልህ ያልተጣራ የመጀመሪያ ገጽ ነው። ያንተ ኮድ ደግሞ «ከመጣው የመጀመሪያውን ውሰድ» የሚል ከሆነ ምንም የማይገናኝ ሰነድ ለሰው ሊልክ ነው ማለት ነው። ይሄ በጣም ያስፈራኛል፣ ምክንያቱም የትም ቦታ ላይ ቀይ መስመር አይታይም።

ፊልተሩ መስራቱን ካረጋገጥክ ደግሞ ምን ዓይነት ፍለጋ እንደሆነ እወቅ። አብዛኞቹ «ስሙ ይህን ቃል ይዟል» ነው የሚሉት እንጂ «ስሙ ልክ ይህ ነው» አይሉም። ስለዚህ «የቅጥር ውል» ስትል «የቅጥር ውል - ቋሚ» ይመጣል፣ «የቅጥር ውል - ጊዜያዊ» ይመጣል፣ «የቅጥር ውል ማሻሻያ»ም ይመጣል። አራት አምስት የመጣብህ ለዚህ ነው። ዶኩሳይን ለፍለጋ ጽሑፉ የ48 ፊደል ገደብ ስላለው ረጅም ስም ሙሉውን ሰጥተህ በትክክል ይለይልኛል ማለትም አያዋጣም። ሰርቨሩ ሰፊ አድርጎ ያምጣ፣ ትክክለኛውን ግጥሚያ አንተ ጋ በኮድ አድርገው።

የቴምፕሌቶችህ ስም በአማርኛ ከሆነ ተጨማሪ ስራ አለብህ። እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ 8 (ፊደል በኮምፒውተር በሚቀመጥበት ስርዓት) ሦስት ባይት ነው፣ ኢንኮድ ተደርጎ (በመቶኛ ምልክት በሚጀምር ኮድ ተለውጦ) አድራሻ ላይ ሲጻፍ ደግሞ ዘጠኝ ምልክት ይሆናል። «የቅጥር ውል» 6 ፊደልና አንድ ክፍት ቦታ ነው፣ ኢንኮድ ሲደረግ 57 ምልክት ይወጣዋል። ችግሩ ርዝመቱ አይደለም። ችግሩ አንዳንድ ቱል አንተ ኢንኮድ አድርገህ የሰጠኸውን መልሶ ኢንኮድ ማድረጉ ነው። ያኔ ሰርቨሩ ጋ የሚደርሰው የመቶኛ ምልክትና ቁጥር የተሞላ ጽሑፍ ነው፣ እንደዚያ የሚባል ቴምፕሌት ስለሌለ ባዶ ይመልሳል። ሎግህ ላይ የወጣውን ሙሉ አድራሻ አይተህ አረጋግጥ።

ከዚያ ደግሞ ፊደላቱ። «ሥራ» እና «ስራ»፣ «ዓመታዊ» እና «አመታዊ»፣ «ማጽደቂያ» እና «ማፅደቂያ» ላንተና ለኔ አንድ ናቸው። ለኮምፒውተሩ ግን የተለያዩ ፊደላት ናቸው። ዩኒኮድ ኖርማላይዜሽን የሚባለው የፊደል ማስተካከያም አያገናኛቸውም፣ ምክንያቱም በዩኒኮድ አቆጣጠር ሁለቱም ራሳቸውን የቻሉ ፊደላት እንጂ የአንዱ ሌላ አጻጻፍ አይደሉም። ስለዚህ ራስህ ጋ ስታጣራ ሁለቱንም ወገን ወደ አንድ የሚያመጣ ትንሽ ፈንክሽን ጻፍ፦ ሐ እና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ፣ ከነሰባት ቤታቸው። ሀ እና ሃ፣ አ እና ዓ እንዲሁ የሚምታቱ ስለሆኑ እነሱንም ጨምር። ድርብ ክፍት ቦታን አንድ አድርግ፣ መጨረሻ ላይ የተንጠለጠለውን ክፍት ቦታ ቁረጥ፣ ረጅሙን ሰረዝ ወደ አጭሩ ቀይር። ሰው ከዎርድ ላይ ኮፒ ሲያደርግ ሰረዙ ሳይታወቀው ይቀየራል። ይሄ ሁሉ ግን ለፍለጋ ብቻ ነው። የተቀመጠውን ስም አትንካው።

በቀን የምታጣራ ከሆነ ደግሞ የመደመር ምልክቷን ተጠንቀቅ። ሰዓቱ መጨረሻ ላይ +03:00 ብለህ ኢንኮድ ሳታደርግ አድራሻው ላይ ከለጠፍከው ሰርቨሩ የመደመር ምልክቷን እንደ ክፍት ቦታ ያነባታል። ወይ ኤረር ይመጣል፣ ወይ ማጣሪያው ዝም ተብሎ ይታለፋል። ሰዓቱን በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መደበኛ ሰዓት)፣ መጨረሻው ላይ Z አድርገህ ላከው፣ ነገሩ ያልቃል።

አሁን ዋናውን ጥያቄህን ልመልስ። ራሴ ላጣራ ወይስ ኤፒአዩ? ያንተ ብዛት መቶና ጥቂት መቶዎች ከሆነ ሁሉንም አውጣና ራስህ ጋ አጣራ። 200 ቴምፕሌት በ100፣ 100 ከሆነ ሁለት ጥሪ ነው። ፍለጋው በእጅህ ይሆናል፣ የፊደሉንም ጉዳይ እንደፈለግክ ታደርገዋለህ፣ ሰርቨሩ ነገ የፍለጋ ባህሪውን ቢቀይር አይነካህም። ሰርቨሩ ላይ የምትተወው ግልጽ የሆኑትን ብቻ ነው፦ ፎልደር፣ የተሰረዘ ወይም አርካይቭ የተደረገ፣ የተስተካከለበት ቀን። ብዙ ሺህ ቴምፕሌት ካለህ ወይም ሰው እየጻፈ የሚፈልግበት ሳጥን እየሰራህ ከሆነ ግን የሰርቨሩን ፍለጋ መጠቀም አለብህ።

ዝርዝሩን ስታወጣ ቀላል አድርገህ አውጣው። ዶኩሳይን «ኢንክሉድ» በሚለው ፓራሜተር ፈራሚዎቹን፣ ሰነዶቹን፣ ሌላ ሌላውንም አብሮ ሊያመጣልህ ይችላል፣ ግን ለ200ውም ያን ሁሉ መጫን ለምን ያስፈልጋል? አይዲ፣ ስም፣ ፎልደር፣ ባለቤት፣ የተስተካከለበት ጊዜ ይበቃል። ሙሉ መረጃውን የምትፈልገው የመረጥከው የአንዱን ብቻ ነው፣ እሱን በአይዲው ለብቻ ጠይቅ። ቱሉን የሚጠራው የኤአይ ኤጀንት ከሆነ ደግሞ ይሄ በእጥፍ ይመለከትሃል። ሞዴሉ ፊት ወፍራም ጄሰን (ኤፒአዩ የሚመልሰው ጥሬ ዳታ) ባስቀመጥክለት ቁጥር ከመሃል ያለውን የመሳት ዕድሉ ይጨምራል። የመጀመሪያውን ገጽ ብቻ ያየ ኤጀንት ደግሞ «እንደዚህ ያለ ቴምፕሌት የለም» ብሎ በሙሉ ልብ ይነግርሃል። ስለዚህ ገጽ የማገላበጡን ስራ ለኤጀንቱ አትተወው፣ ቱሉ ውስጥ በኮድ ጨርሰው።

ያወጣኸውን ዳታቤዝህ ውስጥ አስቀምጠው። ሰነድ በተላከ ቁጥር ዝርዝር መጥራት ኮታህን ይበላል፣ 429 (ጥያቄ አብዝተሃል) የሚል መልስም ያመጣብሃል። ሲመጣም መልሱ ላይ «ሪትራይ አፍተር» የሚል ካለ የተባልከውን ያህል ቆይ እንጂ ወዲያው አትደጋግም። ቀን ላይ «ካለፈው ጊዜ ወዲህ የተስተካከሉትን» ብቻ መጠየቅ ትችላለህ፣ ፈጣን ነው። ግን ይሄ መንገድ የተሰረዘውን አያሳይህም። የተሰረዘ ነገር በተስተካከሉት ውስጥ አይመጣም፣ ሼሩ የተነሳብህም እንዲሁ። አንተ ጋ ግን ስሙ እንዳለ ይቀመጣል። ስለዚህ ቢያንስ በቀን አንዴ ሙሉውን አውጥተህ አወዳድር፣ የጠፋውን «የለም» ብለህ ምልክት አድርግበት።

እና ያቺ የመጨረሻ ዓረፍተ ነገርህ። በስም አግኝቶ በቀጥታ መላክ። ወንድሜ፣ ይሄን አታድርግ። ስም ለሰው ዓይን የተሰጠ ነገር ነው። ሁለት ቴምፕሌት አንድ ዓይነት ስም እንዳይኖራቸው የሚከለክል ነገር ብዙ ጊዜ የለም። የሕግ ክፍል ባልደረባህ «የቅጥር ውል - ቋሚ»ን ኮፒ አድርጋ አንድ አንቀጽ ለመሞከር ብትፈልግ፣ ወይም አሮጌውን ትታ አዲስ በዚያው ስም ብትሰራ፣ ሙሉ መብቷ ነው። ያንተ ስክሪፕት ግን ነገ ጠዋት የትኛውን እንደሚልክ ማንም አያውቅም። የሚላከው ደግሞ ማስታወቂያ አይደለም። ሰው የሚፈርምበት፣ ነገ የሚጠየቅበት ሰነድ ነው። አንዴ ከተፈረመ በኋላ ቴምፕሌቱን ብታስተካክለው የተላከው አይስተካከልም፣ የተላከው ራሱን የቻለ ቅጂ ነው። ሰውየውን ደውለህ፣ አስረድተህ፣ አዲስ ማስፈረም ነው ያለህ።

ከዚያ ይልቅ ትንሽ ሰንጠረዥ ያዝ። በአንድ በኩል ያንተ ሲስተም የሚያውቀው ቁልፍ፣ ለምሳሌ «ቅጥር-ቋሚ»። በሌላው በኩል የቴምፕሌቱ አይዲ፣ ለዲሞ አንድ፣ ለፕሮዳክሽን አንድ። የሚላከው ሁሌም በአይዲው ነው። ዝርዝር ማውጣትና ማጣራት የሚያገለግልህ ይህን ሰንጠረዥ ለመሙላትና በየቀኑ ለማረጋገጥ ነው፦ አይዲው አሁንም አለ? ስሙ ተቀይሯል? ባለፈው ካየነው በኋላ ሰው ነክቶታል? ተነክቶ ከሆነ ለሚመለከተው ሰው መልዕክት ይሂድ፣ አይቶ ያጽድቀው። ዶኩሲል የራስህን ቁልፍ ቴምፕሌቱ ላይ የምታስቀምጥበት «ኤክስተርናል አይዲ» አለው፣ ዝርዝሩንም በሱ ማጣራት ትችላለህ። ፓንዳዶክ ላይ ደግሞ በታግ ማጣራት ይቻላል። እንዲህ ያለ ነገር ካለልህ ተጠቀምበት፣ ከስም በእጅጉ ይሻላል።

ግድ በስም መፈለግ ካለብህ፣ ለምሳሌ ሰው ጽፎ የሚመርጥበት ከሆነ፣ ሕጉ ቀላል ይሁን። አንድ ብቻ ከገጠመ ቀጥል። ምንም ካልገጠመ ወይም ከአንድ በላይ ከገጠመ ቁም፣ ሰው ይምረጥ። «የመጀመሪያውን ውሰድ» የሚል መስመር ኮድህ ውስጥ ካለ ዛሬውኑ አጥፋው። ሰው ሲመርጥ ደግሞ ስሙን ብቻ አታሳየው። ባለቤቱን፣ ፎልደሩንና የተስተካከለበትን ቀን ጨምርለት፣ ሁለት ተመሳሳይ ስም መሃል የሚለየው በነዚያ ነው።

ከመላክህ በፊት አንዲት የመጨረሻ ጥሪ አድርግ። ቴምፕሌቱን በአይዲው አውጣና ሮሎቹን፣ ማለትም ለእያንዳንዱ ፈራሚ የተመደበውን ድርሻ፣ እይ። አንተ «ሰራተኛ» እና «አሰሪ» ብለህ ፈራሚ የምትልክ ከሆነ ቴምፕሌቱም እነዚያኑ ሮሎች መያዝ አለበት። አንድ ሰው «ሰራተኛ» የሚለውን «ተቀጣሪ» ብሎ ቀይሮት ከሆነ ፈራሚው የተዘጋጀለትን የፊርማና የቀን ቦታ ላያገኝ ይችላል። የሮሎቹ ስም ከሰንጠረዥህ ጋር ካልገጠመ አትላክ፣ ሎግ ላይ ምን እንደጠበቅክና ምን እንዳገኘህ ጻፍ። ሎጉ ላይ ደግሞ በየጊዜው እነዚህ ይኑሩ፦ በማን ስም እንደተጠየቀ፣ የትኛው አካውንት፣ ምን ተጣርቶ፣ ጠቅላላ ስንት ተባለ፣ ድግግሞሹ ሲወጣ ስንት ተገኘ። ነገ «ቴምፕሌቴ ጠፋ» የሚል ሰው ሲመጣ መልሱን ከዚያ ታነበዋለህ።

አሁን በዚህ ቅደም ተከተል ሂድ። መጀመሪያ «እኔ ማነኝ» የሚለውን ጥሪ አድርግ። ቀጥሎ ትርጉም በሌለው ስም ፊልተሩን ፈትን። ከዚያ ያለምንም ፊልተር ሁሉንም ገጽ አውጥተህ በአይዲ ቆጥረህ ብሮውዘር ላይ ካለው ጋር አመሳክር። ይህን ሁሉ አድርገህ በዓይንህ የምታየው ቴምፕሌት አሁንም ካልመጣ፣ የትኛውን ሲስተም እንደምትጠቀምና ቶክኑ በማን ስም እንደወጣ ጻፍልኝ፣ የድርጅቱን ስምና ቶክኑን ራሱን ግን አትለጥፍ። አብረን እናየዋለን።